ኦሊቨር የማን ልጅ ነው?
(አንድ ልብ ወለድ፣ ሦስት ፊልም)

በዚህ እትም የምጽፍላችሁ ስለ ፊልም ነው። «ራሽን በዘገየበት ሰሞን ስለ ፊልም ማውራት ምን ይባላል?» የሚለኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግን ትንሽ ታገሱኝ፤ ታሪኩ ራሱ የሚጀምረው ከምግብ ሰልፍ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን የቻርልስ ዲከንስን «ኦሊቨር ትዊስት» ለተማሪ ታጥሮ በተዘጋጀው ቅጂ አንብበው ጨረሱ። እኛም እንደ ሽልማትም እንደ ትምህርትም ይሆናል ብለን፣ ከዚሁ ልብ ወለድ የተሠሩ ሦስት ፊልሞችን በሦስት ተከታታይ ቅዳሜዎች አሳየናቸው። ጄኔሬተሩ የልመና ነበር፤ መጋረጃው ደግሞ የአንድ ባልደረባዬ አንሶላ ነው።

የመጀመሪያው ፊልም እንዳለቀ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና፣ «ቲቸር፣ ሽማግሌው አያቱ ባይሆኑ ኖሮ ልጁን ይወስዱት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት አንዱ ጎረምሳ ቀደመኝና፣ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ከማን ጋር እንደምትኖር ስለማውቅ እኔም አልሳቅሁም።

ለጥያቄዋ ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ይኼን ጽሑፍ የምጽፈውም ለእሷ ብዬ ነው ማለት ይቻላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፉ

ዲከንስ «ኦሊቨር ትዊስት»ን በአንድ ወርኃዊ መጽሔት ላይ በተከታታይ ማውጣት የጀመረው በየካቲት 1837 ሲሆን የጨረሰው በ1839 ነው። ሲጀምር ገና የ25 ዓመት ወጣት ነበር። የተነሣበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ1834 በእንግሊዝ አገር አዲስ የድሆች ሕግ ወጥቶ ነበር። የሕጉ ሐሳብ ባጭሩ ይኼ ነው፤ ድሃ እርዳታ ከፈለገ የድሆች መጠለያ ይግባ፣ መጠለያው ውስጥ ያለው ኑሮ ግን ውጭ ካለው ከመጨረሻው ሠራተኛ ኑሮ የከፋ ይሁን፣ ያኔ በእውነት የቸገረው ብቻ ይመጣል። ስለዚህ ባል ከሚስት፣ ልጅ ከወላጅ ተለይቶ ይኖራል። ምግቡም በልኩ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ልጆቹ የሚሰጣቸው በቀን ሦስት ጊዜ ቀጭን አጥሚት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ሽንኩርት፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ግማሽ ዳቦ ነው። ሳህኑ መታጠብ አያስፈልገውም፤ ልጆቹ ራሳቸው በማንኪያቸው እስኪያብረቀርቅ ድረስ ያጸዱታል።

ዲከንስ ይኼን በወሬ ብቻ አላወቀውም። በ1824 አባቱ በዕዳ ሲታሰሩ እሱ በ12 ዓመቱ ከትምህርት ተለይቶ ጫማ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ በጠርሙስ ላይ ወረቀት ሲለጥፍ ይውል ነበር። እዚያ ያገኘውና ያዘነለት አንድ ትልቅ ልጅ ነበር። ስሙ ቦብ ፋጊን ይባላል። በኋላ ዲከንስ ይኼንኑ ስም ለልብ ወለዱ የሌቦች አለቃ ሰጠው። ውለታውን ለምን እንዲህ እንደመለሰ እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ የሚመስለኝ ለተራበ ልጅ ደግ የሆነ ሰው ሁሉ ልጁን ወደ ደህና ቦታ እንደማይወስደው ሊያሳይ ፈልጎ ነው። በመጽሐፉም ውስጥ ለኦሊቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ትኩስ ምግብና መኝታ አዘጋጅቶ በፈገግታ የተቀበለው ፋጊን እኮ ነው።

«ጨምሩልኝ»

መጽሐፉን ያላነበበ ሰው እንኳን አንዷን ትዕይንት ያውቃታል፤ ትንሹ ልጅ ሳህኑን ይዞ ወደ ትልቁ ድስት ሄዶ እንዲጨመርለት ይለምናል። ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ግን ኦሊቨር ይኼን ያደረገው በድፍረቱ አለመሆኑን ነው። ልጆቹ ሦስት ወር ተርበዋል። ከመካከላቸው አንድ ረዥም ልጅ ተጨማሪ ምግብ ካላገኘ አጠገቡ የሚተኛውን ልጅ አንድ ሌሊት ሊበላው እንደሚችል ሲናገር ሁሉም ያምኑታል። ስለዚህ ዕጣ ይጣጣላሉ፣ ዕጣው ለኦሊቨር ይወጣል። አስተናባሪው በጭልፋ ይመታዋል፤ ቦርዱ ይሰበሰባል፤ አንዱ ባለ ነጭ ሰደርያ ጌታ ይኼ ልጅ ወደፊት መሰቀሉ አይቀርም ብሎ ይተነብያል፤ በማግሥቱ ልጁን ለሚወስድ ሰው አምስት ፓውንድ ይሰጣል የሚል ማስታወቂያ በር ላይ ይለጠፋል። ምግብ ለምኖ ችግር ፈጣሪ የተባለ ሰው የሚያነበው ትዕይንት ነው።

በ1948 ዴቪድ ሊን የሠራው ጥቁርና ነጭ ፊልም ይኼን ትዕይንት ከሁሉም አብልጦ ሠርቶታል። ዲከንስ በመጽሐፉ ውስጥ ቱግ እያለ፣ እያሾፈ ይተርካል። ፊልም ግን ተራኪ የለውም፤ ሊን ያንን ቁጣ በዓይን ነው የሚያሳየን። ልጆቹ የመጠለያው ኃላፊዎች ጠረጴዛ ሙሉ ሥጋ ሲበሉ ተሰብስበው ያያሉ። ከዚያ ዕጣ ይወጣል። ከዚያ ጆን ሃዋርድ ዴቪስ የተባለው ቀጭን ልጅ ሳህኑን ይዞ ብቻውን በረዥሞቹ ጠረጴዛዎች መካከል ይሄዳል። ሲጠይቅ ደግሞ የሰማው ሰው ለበላዩ፣ የበላዩ ለበላዩ እየተቀባበለ ነገሩ እስከ ቦርድ ድረስ ይደርሳል፤ አንድ ሳህን አጥሚት የመንግሥት ግልበጣ ይመስል! እዚህ ላይ ተማሪዎቼ በጣም ሳቁ። አቤቱታ ከቢሮ ወደ ቢሮ እንዴት እንደሚሄድ ለእነሱ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

በ1968 የወጣው የካሮል ሪድ ፊልም ሙዚቃዊ ነው። መሠረቱ ሊዮኔል ባርት የደረሰው፣ በ1960 ለንደን መድረክ ላይ የታየው ቴአትር ነው። በኦስካር የዓመቱ ምርጥ ፊልምና ምርጥ ዳይሬክተር ተብሎ ተሸልሟል። በዚህኛው ልጆቹ ወደ መመገቢያው አዳራሽ የሚገቡት ስለሚመኙት ምግብ እየዘፈኑ፣ እግራቸውን እኩል እያነሡ ነው። ተማሪዎቻችን ዴስክ እየመቱ አጀቡት። በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መካከል አንዱ ልጅ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ «የተራበ ልጅ እንዲህ አይዘልም» አለኝ።

ግማሹ እውነቱን ነው። ግማሹ ግን አይደለም። ስርጭት ሊደርስ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ልጆቻችን ተሰብስበው የሚያወሩት ስለ ምን ነው? ስለ ምግብ! እናቴ ትሠራው የነበረው ወጥ፣ በአገራችን የነበረው ማር እየተባለ። የተራበ ልጅ ስለ ምግብ ይዘፍናል፤ ሪድና ባርት ይኼን አልሳቱም። የሳቱት ሌላ ነገር ነው። ጭፈራው በጣም ከማማሩ የተነሣ ረሃቡ ወደ አምሮት ይለወጣል። አምሮት ሲያልፍ ይረሳል፤ ረሃብ ግን አይረሳም። ከዘፈኑ በኋላ ኦሊቨር ሲጠይቅ እኛ ተመልካቾች ጠግበናል።

የሮማን ፖላንስኪ ፊልም በ2005 የወጣ ነው። ስለዚህ ሰው አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፖላንድ በክራኮቭ ከተማ የአይሁድ ሰፈር ታጥሮ ሲዘጋ ፖላንስኪ ሕፃን ነበር። እናቱ በአውሽቪትዝ ተገድለዋል፤ እሱ አምልጦ በሰው ቤት ተደብቆ ነው ያደገው። ምናልባት በዚህ ምክንያት ይሆናል፣ ፊልሙ ከሁሉ በላይ የሚጠነቀቀው ለመንገዱ ነው። የምግብ ልመናው ትዕይንት እንደ ሊን አያስደነግጥም፤ ፈጠን ብሎ ያልፋል። ኦሊቨር ከሬሳ ሳጥን ሠሪው ቤት ጠፍቶ ወደ ለንደን ሲጓዝ ግን ካሜራው አብሮት ይሄዳል። መንገዱ 70 ማይል ነው፤ ወደ 112 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። እግሩ ይቆስላል፣ ይዝላል፣ ይወድቃል። አንዲት አሮጊት አንሥተው ወደ ጎጇቸው ያስገቡታል፣ ያበሉታል።

እኒህ አሮጊት በመጽሐፉ ውስጥ ያላቸው ቦታ ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ነው። ነገር ግን ዲከንስ አንድ ምክንያት ሰጥቷቸዋል፤ መርከብ የሰጠመበት፣ በሩቅ አገር ባዶ እግሩን የሚንከራተት የልጅ ልጅ አላቸው። ስለዚህ የሰው ልጅ አበሉ። «የኔንም ልጅ ሰው ያግኝልኝ» ብለው እንደሆነ መጽሐፉ አይናገርም፤ እኛ ግን እንዲህ የሚሉ እናቶችን እናውቃለን። ሊን በዚህ መንገድ ላይ ብዙ አልቆየም። ፖላንስኪ ቆየ፤ በዚህ ከሁለቱም ይበልጣል ባይ ነኝ።

ስለ ፋጊን አስቀድሞ መነገር ያለበት

እነዚህን ፊልሞች ለልጆች የሚያሳይ መምህር አንድ ነገር ሳይናገር መጀመር የለበትም። ፋጊን በመጽሐፉ ውስጥ አይሁዳዊ ነው። ዲከንስ ደግሞ በስሙ ከመጥራት ይልቅ «አይሁዱ» እያለ በየገጹ ይጠራዋል። ሌሎቹ ወንጀለኞች፣ ለምሳሌ ነፍሰ ገዳዩ ቢል ሳይክስ፣ በሃይማኖታቸው አይጠሩም። አንድ ሰው ሲያጠፋ ዘሩ ሁሉ የሚጠራበት፣ ሌላው ሲያጠፋ ግን ራሱ ብቻ የሚጠየቅበት አነጋገር ለእኛ አዲስ አይደለም።

በ1863 ኢላይዛ ዴቪስ የተባሉ አይሁዳዊት ይኼ በሕዝባቸው ላይ የተደረገ በደል ነው ብለው ለዲከንስ ደብዳቤ ጻፉ። ዲከንስ መጀመሪያ ተከላከለ፤ በኋላ ግን በሚቀጥለው ልብ ወለዱ ላይ ደግ አይሁዳዊ ገጸ ባሕርይ ፈጠረ፣ በ1867 እትም ደግሞ በ«ኦሊቨር ትዊስት» የኋለኛ ምዕራፎች ላይ ያንን ቃል ከብዙ ቦታ አወጣው። ታላቅ ደራሲ በአንዲት አንባቢ ደብዳቤ ምክንያት መጽሐፉን ሲያርም ማየት ለተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው።

ሊን ይኼን ትምህርት አልተማረም። በፊልሙ ላይ ተዋናዩ አሌክ ጊነስ በትልቅ ሰው ሠራሽ አፍንጫ ነው የሚታየው፤ የጆርጅ ክሩክሻንክን የመጀመሪያዎቹን የመጽሐፉን ሥዕሎች እንዲመስል ተብሎ ነው። ዓመቱን አስቡት፤ 1948፣ ከናዚ እልቂት ሦስት ዓመት በኋላ! በ1949 በርሊን ላይ ሲታይ አይሁዳውያን አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ፤ አሜሪካም የገባው ተቆራርጦ በ1951 ነው። በጥበቡ የበለጠው ፊልም በዚህ በኩል ከሁሉም ያነሰ ነው። ጎበዝ አርቲስት መሆን ከጥፋት አያድንም።

ሪድ ተቃራኒውን መንገድ ሄደ። የሮን ሙዲ ፋጊን ተጫዋች፣ አስቂኝ፣ የልጆች አጎት የሚመስል ነው፤ መጨረሻ ላይ ሀብቱ ጭቃ ውስጥ ሰጥሞበት ከዶጀር ጋር እየጨፈረ ይሄዳል። የዘር ስድቡ ጠፋ፤ ግን ጥፋቱም አብሮ ጠፋ። ልጆችን ኪስ አውላቂ አድርጎ በእነሱ ስቅላት የሚኖር ሰው እንዲህ በሳቅ መሸኘት አለበት እንዴ?

የፖላንስኪው ፋጊን፣ ቤን ኪንግስሌይ፣ ሁለቱንም ይዟል። ቁስለኛውን ኦሊቨርን በገዛ እጁ መድኃኒት ይቀባዋል፤ እዚያው ደግሞ አሳልፎ ይሰጠዋል። ፊልሙ የሚያበቃውም እንደ መጽሐፉ፣ ኦሊቨር ሞት የተፈረደበትን ፋጊንን እስር ቤት ሄዶ ሲያየው ነው። ልጁ ያለቅሳል፣ እንጸልይ ይለዋል። ይኼን ትዕይንት ሊንም ሪድም ትተውታል። ልጁ የበደለውን ሰው ደግ እንደነበረም ያስታውሳል። ሁለቱም እውነት ናቸው። የልጅ ልብ እንዲህ ነው፤ አስተማሪ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ወደ ልጅቷ ጥያቄ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። አቶ ብራውንሎው ኦሊቨርን የሚወስዱት ለምንድን ነው?

በመጽሐፉ ውስጥ መልሱ የተወሳሰበ ነው። የኦሊቨር እናት ልጇን ወልዳ ወዲያው ሞታለች። የአባቱ ሌላ ልጅ መንክስ ውርሱን ለብቻው ለመብላት ኦሊቨርን ሌባ እንዲያደርግለት ለፋጊን ይከፍላል። ኦሊቨር ሌቦች ኪሳቸውን ያወለቁት አቶ ብራውንሎው የአባቱ የድሮ ጓደኛ ሆነው ይገኛሉ። በኋላ ሌቦቹ በመስኮት አስገብተውት የቆሰለበት ቤት ደግሞ የምትኖረው ሮዝ የእናቱ እኅት ትሆናለች! በዚያን ጊዜ ለንደን ወደ ሁለት ሚሊዮን ሰው የሚኖርባት ከተማ ነበረች። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ልጁ የሚወድቀው ሁልጊዜ ዘመድ እጅ ላይ ነው። በእርግጥ አቶ ብራውንሎውም ሮዝም ልጁን ያነሡት ማንነቱን ሳያውቁ ነው፤ ይኼን ለዲከንስ መመስከር አለብኝ። ግን መጨረሻ ላይ ዲከንስ በደግነቱ ብቻ አልረካም፤ ዝምድና ጨመረበት።

ሊን ታሪኩን አሳጥሮ ሮዝን አወጣት፤ በምትኩ አቶ ብራውንሎውን የኦሊቨር አያት አደረጋቸው። ሪድም እንዲሁ የእናቱ አጎት አደረጋቸው። ስለዚህ ሁለቱም ፊልሞች ከመጽሐፉ ይልቅ የባሰ ወደ ሥጋ ዝምድና ሄዱ ማለት ነው። የአንገት ሀብል፣ የእናት ሥዕል፣ የጠፋ የልጅ ልጅ... መጨረሻው ልጁ «የራሱ ቤት» ገባ ነው።

ፖላንስኪና የፊልሙን ጽሑፍ የጻፈው ሮናልድ ሃርውድ ግን ይኼን ሁሉ አወጡት። መንክስ የለም፣ ሀብል የለም፣ ውርስ የለም። አቶ ብራውንሎው ለኦሊቨር ምኑም አይደሉም። አንድ የታመመ ልጅ አዩ፣ ወሰዱት፣ አለቀ።

አንድ ባልደረባዬ በዚህ ላይ ተከራክሮኛል። «መንክስን ካወጣህ ታሪኩ ጉልበት ያጣል፤ ፋጊን ልጁን እንደገና ለመያዝ ይኼን ያህል ለምን ይደክማል?» አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ፋጊን ልጁ ምስጢር እንዳያወጣ ይፈራል፤ ይኼ ለእኔ በቂ ነው። ግን የፊልሙ መካከለኛው ክፍል እንደሚላላ አልክድም፤ ባርኒ ክላርክ የሚጫወተው ኦሊቨርም ከመጠን በላይ ዝምተኛ ነው።

ይሁን እንጂ የባልደረባዬን ጥያቄ በሌላ ጥያቄ መመለስ እፈልጋለሁ። ታሪኩ ጉልበት የሚያገኘው ልጁ የባለጸጋ ዘር ሆኖ ሲገኝ ከሆነ፣ ዘሩ ለማይታወቅ ልጅ ምን እያልነው ነው? በመጽሐፉ ውስጥ ኦሊቨር በድሆች መጠለያ አድጎ ሳለ እንደ ጌታ ልጅ የታረመ እንግሊዝኛ ይናገራል። ዶጀር ግን የመንገድ ቋንቋ ይናገራል። ዲከንስ በ1841 መቅድሙ ላይ ኦሊቨርን የፈጠረው ደግነት በክፉ ነገር ሁሉ መካከል ተርፎ እንደሚያሸንፍ ለማሳየት መሆኑን ገልጿል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን የአንባቢ ልብ ውስጥ የሚቀረው «ደህና ዘር ስለሆነ ነው የተረፈው» የሚለው ነው። ዶጀር በአንዲት የትምባሆ ማስቀመጫ ምክንያት በግዞት ከአገር ሲባረር የሚፈልገው ዘመድ አይመጣም። እኛ ካምፕ ውስጥ ያለን ሰዎች ይኼን ልዩነት በደንብ እናውቃለን። ውጭ አገር ዘመድ ያለው አለ፤ የሌለውም አለ።

የረሳናት ናንሲ

ሦስቱን ፊልሞች ካየሁ በኋላ ነው አንድ ነገር የታየኝ። ሁላችንም፣ ልጅቷም፣ ጎረምሳውም፣ እኔም፣ የተከራከርነው ስለ ሽማግሌው ነበር። ለኦሊቨር ብላ የሞተችው ግን ናንሲ ናት።

ናንሲ ለኦሊቨር ማን ናት? ማንም። ከኦሊቨር ዕድሜ ግማሽ እንኳን ሳትደርስ ጀምሮ ለፋጊን ስትሰርቅ ያደገች ልጅ ናት። ልጁን ይዛ ወደ ሌቦቹ የመለሰችውም እሷው ናት። ከዚያ ግን ተጸጸተች፤ ሊያድኑት ለሚችሉ ሰዎች በድብቅ ተናገረች። ከሳይክስ ጋር ያለውን ኑሮ ትታ እንድትሄድ ሲነግሯት እምቢ አለች፤ በመጨረሻ ሳይክስ ገደላት። ልጁን ለማዳን ከሁሉ የበለጠ የከፈለችው ሥጋ የማይዛመዳት፣ ምንም የማትጠቀም፣ ራሷም የሚያነሣት ያጣች ሴት ናት። ይኼ በመጽሐፉም በሦስቱም ፊልሞች አለ። ዲከንስ በሮዝና በውርሱ የጻፈውን በናንሲ አፍርሶታል።

ሊን ግድያውን አያሳይም። የሚያሳየው የሳይክስን ውሻ ነው፤ ከክፍሉ ለመውጣት በሩን በጥፍሩ ሲቧጭር። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ተማሪዎች በሙሉ ጸጥ አሉ። ሪድ ደግሞ ናንሲን አስዘፍኗታል፤ ከሚደበድባት ሰው ጋር ለመቅረት የምትወስንበት ዘፈን አለ፣ ዜማውም ልብ ይበላል። መምህራን እዚህ ላይ ፊልሙን አቁማችሁ ከሴቶች ልጆች ጋር ተነጋገሩ እላለሁ። ዱላን ፍቅር አስመስሎ በሚያምር ዜማ ማቅረብ አደገኛ ነው።

ለመምህራን

ጊዜም ጄኔሬተርም አጭር ስለሆነ ሦስቱንም ሙሉ ማሳየት ላይቻል ይችላል። እኔ የምመክረው እንዲህ ነው። ከሊን ፊልም መጀመሪያውን፣ እርጉዟ እናት ያለ አንዲት ቃል በዝናብና በነፋስ ወደ መጠለያው የምትሄድበትንና የ«ጨምሩልኝ»ን ትዕይንት አሳዩ፤ ስለ ፋጊን አፍንጫ ግን አስቀድማችሁ ተናገሩ። ከሪድ የመጀመሪያውን ዘፈን አሳዩና «ይኼ ረሃብ ነው ወይስ አምሮት?» ብላችሁ ጠይቁ። (ልጆቹ የማርክ ሌስተርን የዘፈን ድምፅ ካደነቁ፣ ድምፁ የእሱ ሳይሆን የሙዚቃው አቀናባሪ ልጅ የሆነች ሴት እንደሆነ ንገሯቸው፤ ይገረማሉ።) ከፖላንስኪ ደግሞ መንገዱንና የእስር ቤቱን መጨረሻ። ከዚያ ተማሪዎች አንድ ገጽ ይጻፉ፤ እናንተ ፊልሙን ብትሠሩት አቶ ብራውንሎው ለኦሊቨር ምኑ ይሆናሉ?

እንግሊዛዊ ታሪክ ነው፣ ለእኛ ምን ያደርጋል ለሚል ሰው ደግሞ፣ በ2004 ደቡብ አፍሪካዊው ቲም ግሪን ይኼንኑ ታሪክ ወደ ኬፕታውን ጎዳና ልጆች አምጥቶ እንደሠራው ልንገረው። ታሪኩ የለንደን ጭጋግ አላስፈለገውም። ወላጅ የሌለው ልጅና ምግብ የሚቆጥር ትልቅ ሰው ባሉበት ሁሉ ይሠራል።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ የፖላንስኪ ፊልም ሲያልቅ ያቺን ተማሪ «እሺ፣ የትኛው ይሻላል?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ «ይኼኛው ቲቸር። ሽማግሌው ዝም ብለው ነው የወሰዱት» አለችኝ። ያ ጎረምሳ «ፊልም ስለሆነ ነው» አላት። እሷም «እኔን የወሰዱኝ እትዬም ዝም ብለው ነው» አለችው። በዚህ ላይ የሚጨምረው አልነበረውም፤ እኔም አልነበረኝም።

በጥበብ ሊን ይበልጣል፣ በጨዋታ ሪድ ይበልጣል። ለእኛ ልጆች አንዱን ምረጥ ብባል ግን ድክመቱን እያወቅሁ የፖላንስኪን እመርጣለሁ። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የተባለው ዘመድ ብቻ ማለት እንዳልሆነ የሚናገረው እሱ ነውና።

የመጽሐፉ ታጥሮ የተዘጋጀው ቅጂ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ለአንድ ሳምንት መዋስ ይቻላል። ገጾቹ የተገነጠሉ ስላሉ በጥንቃቄ ያዙት። በሐሳቤ የማይስማማ ካለ ለሚቀጥለው እትም ይጻፍልኝ፤ በተለይ ከተማሪዎች ብሰማ ደስ ይለኛል።

ቸር ይግጠመን።